ለአራተኛው መስኮት ፈገግታ የቀረበ ምስጋና

…ሁለቱ የጥበቃ ሠራተኞች ከመስኮቱ ሥር ተንበርክከው የእህቴን ጥርስ ይፈልጉ ነበር፤ አንደኛው ያገኘው የሸሚዝ ቁልፍ ሆኖበት በመዳፉ ላይ ያገላብጠዋል፣ ሌላኛው «ተው ባክህ፣ እሱ የኔ ነው፣ ቅድም ሰውየውን ስይዘው ነው የተበጠሰው» ይለዋል፣ እኔም የምሳ ዕቃዋን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ፣ ወለሉ ላይ ያለው ቀይ ነገር የማን እንደሆነ ሳይሆን ማን ሊወለውለው እንደሆነ ነበር የማስበው፤ ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ ሲያየኝ…

ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ሰሞኑን ግን ማንኛውንም ነገር ስጀምር፣ ጫማዬን ሳስር እንኳ፣ ከዚያ መስኮት ሥር ነው የምነሣው።

ለተከበሩ የውኃ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ፣ እንቅልፍዎ እንዳልተቆራረጠ፣ የሚበሉትንም አላምጠው እንደሚውጡ ተስፋ አደርጋለሁ። ማላመጥ ትልቅ ጸጋ መሆኑን በቅርቡ ስለተረዳሁ ነው ይህን የምመኝልዎ። እኛ ቤት ምሳም እራትም በቀጭን ቱቦ ነው የሚጠጣው።

እኔ በድርጅትዎ በአራተኛው መስኮት ትሠራ የነበረችው ልጅ ታላቅ ወንድም ነኝ። ሙያዬ አሮጌ ሶፋ ማደስ ነው። ከእናታችንና ከእህቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን፤ ወደ መንገድ የሚከፈተው ክፍል መሥሪያዬ ነው። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች ጸሐፊዎ «ስሜትዎን እንረዳለን» በምትል አንድ መስመር ስለመለሰችልኝ፣ ይህኛውን መንገደኛውም እንዲረዳው ብዬ በግልጽ መጻፍን መርጫለሁ። ላማርር የመጣሁ መስሎዎት እንዳይሰጉ። የመጣሁት ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፤ ስለ መስተዋቱ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት በሠራተኛውና በደንበኛው መካከል ወፍራም መስተዋት ነበር፤ የድምፅ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ሰዎች ጎንበስ ብለው ይጮኹበት ነበር። እርስዎ ገና በመጡበት ሳምንት «መስተዋት ሰውን ያርቃል፤ የራቀ ሰው ይናደዳል» ብለው አስነሡት። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እህቴም አጨብጭባለች። ቤት መጥታ «አሁን እኮ የሰዎቹ ትንፋሽ ፊቴ ላይ ይመጣል» አለችን። እናታችን «ምን ምን ይላል?» ብትላት ትንሽ አሰበችና «ጥም ጥም ይላል» አለች። ስቀንባት ነበር። እሷም አብራን ሳቀች።

ሁለተኛ፤ ስለ ቃላቱ። የተማሩ ሰው ስለሆኑ ችግራችን የቃላት መሆኑን ወዲያው ደረሱበት። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ሰሌዳ አሰቀሉ። በግራ በኩል ማናደድ፣ ማስቆጣት፣ ማበሳጨት፣ ማስቀየም የሚሉት በቀይ ተጽፈው ተሰርዘዋል። በቀኝ በኩል ተቃራኒዎቻቸው በአረንጓዴ ተደርድረዋል፤ ማረጋጋት፣ ማጽናናት፣ ማባበል፣ ማስደሰት። ለእያንዳንዱ መስኮት አንድ አንድ ግሥ ደረሰው። የመጀመሪያው ያረጋጋል፣ ሁለተኛው ያጽናናል፣ ሦስተኛው ያባብላል፣ አራተኛው ያስደስታል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ከነካ ይቀጣል። ቧንቧ የሚጠግን መስኮት አልነበረም። ድሮ ከመስኮቶቹ ጀርባ ይቀመጡ የነበሩት የጥገና ሠራተኞች፣ ጭቃ የነካው ቱታቸው ደንበኛን ያስከፋል ተብሎ፣ ከተማ ዳር ወዳለ መጋዘን ተዛውረዋል። እህቴ አንድ ቀን የአንዲት እናትን አድራሻ በስልክ ለጥገና ክፍሉ ስለነገረች ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሴትየዋ ገና አልተደሰተችም ነበር፣ ያለ ተራዋ ውኃ አገኘች፤ ጥፋቱ እሱ ነው።

ሰው እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ከመስኮት ወደ መስኮት ይሻገራል። ውኃው ግን ከየትም አይሻገርም።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈገግታዋ። ሰፈር ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ ፍንጭቷ ነው የሚሏት፤ እርስዎም ሠራተኞቹን አሰልፈው ጥርስ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት ያዩት የእሷን ፍንጭት መሆኑን ሰምተናል፣ ኮርተናልም። የላይኛው ጥርስ በሙሉ እስኪታይ እንድትስቅ፣ ጉንጯ ሳይወርድ «በምን ላስደስትዎ?» እንድትል ታዘዘች። እቤት መስታወት ፊት ቆማ ትለማመድ ነበር። እናታችን ከጓዳ ሆና «ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው ብቻዋን የምትስቀው?» ስትል «ሥራ ነው እማዬ» ትላታለች። «ሥራ? በደጉ ዘመን ሰው ለሥራው ያለቅስ ነበር» ትላለች እናታችን። ያቺን «በምን ላስደስትዎ» ለስልካችሁ መልስ እንድትሆን በድምፅ ቀርጻላችሁ ነበር። ዛሬም ስደውል እሷ ናት የምታነሣው። መንጋጋዋ ከተሰበረ በኋላም በስልክ እየሳቀች ታናግረኛለች። አንዳንዴ ለዚሁ ብዬ እደውላለሁ፤ ከዚያ እሷ ከጎኔ ባለው ክፍል ተኝታ በአፍንጫዋ ስትተነፍስ እሰማለሁ፣ ስልኩን እዘጋለሁ።

ያን ቀን የመጣው ሰው ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ቅንድቡ ተቃጥሏል፣ ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። ያዩት እንደነገሩኝ ሲገባ ጸጥ ያለ ሰው ነበር። የመጀመሪያው መስኮት «ይረጋጉ» አለው። የተረጋጋ ሰው ስለነበር ግራ ገብቶት ወደሚቀጥለው አለፈ። ሁለተኛው «ያጽናዎት» ሲለው ቆመ። «አባቴ መሞቱን ማን ነገራችሁ?» ብሎ ጠየቀ። በዚያ መስኮት ለመጣ ሁሉ፣ ስለ ክፍያ ለመጣውም፣ ስለ ቆጣሪ ለመጣውም «ያጽናዎት» እንደሚባል በሐዘኑ መካከል አላስታወሰም። ሠራተኛው ሰሌዳውን አየና ደገመለት። «ያጽናዎት።» ሦስተኛው መስኮት ላይ «የኔ ጌታ፣ የኔ ወንድም፣ እሺ ይበሉኝ፣ ለኔ ሲሉ» ተባለ። ለምን እሺ እንደሚል የነገረው የለም። ከዚያ አራተኛው ጋ ደረሰ። እህቴ ቀና አለች፣ እንደታዘዘችው ሙሉ ጥርሷን አሳየችው፣ «በምን ላስደስትዎ?» አለችው።

የወረፋ ገመድ የሚታሰርበት የብረት ዘንግ አለ፤ እግሩ ክብ፣ ከባድ ብረት ነው። ያንን ገልብጦ ያዘው። መስተዋት ቢኖር ኖሮ የሚሰበረው መስተዋቱ ነበር።

መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የታችኛው ከንፈሯ ለሁለት ተከፈለ። ቀጥሎ የመጣውን ምት በክንዷ መከተችው፣ ክንዷ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጥቁር፣ አሁን ቢጫ ነው። ያዩት ሁሉ የሚነግሩኝ አንድ ነገር አለ፤ ከመጀመሪያው ምት በኋላም ፊቷ ለመሳቅ ይታገል ነበር ይላሉ፤ ደሙ በጥርሷ መካከል እየወረደ፣ ጉንጯ ሳይወርድ። ከእናንተ ዘንድ የለመደችው ነው። ሌላ ሰው ይህን ያህል ሊያስለምዳት ባልቻለ ነበር፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ፍንጭቷም ከበፊቱ ሰፍቷል።

ሐኪሙ የላይና የታች መንጋጋዋን በሽቦ አሰረው። አፏ አይከፈትም። እኔ ሥራ ላይ የሶፋ ሞላ በጉልበቴ ተጭኜ በገመድ ሳስር፣ ድንገት የታሰረው ነገር ሊጮህብኝ ነው ብዬ እጄን አነሣለሁ። ደንበኞቼ «ምነው?» ይሉኛል። ምንም፣ እላለሁ።

ስንተኛው ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ። አራተኛ ይሁን፤ ስለ ግብዣው።

የላኩልን ጥሪ በወፍራም ወረቀት የታተመ ነው፤ ዳር ዳሩ ያብለጨልጫል። በክቡርነትዎ ፊት፣ ጋዜጠኞች ባሉበት፣ «የማስታረቅ ሥነ ሥርዓት» ይካሄዳል ይላል። እህቴ የደንብ ልብሷን ለብሳ አራተኛው መስኮት ላይ ትቀመጣለች፤ ለደንበኛው አበባ ትሰጣለች፤ ስላስከፋችው ይቅርታ ትጠይቀዋለች። መናገር ስለማትችል የተቀረጸው ድምፅዋ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ስለዚህ «የጤንነቷ ሁኔታ እንቅፋት አይሆንም» ይላል ጥሪው። ይህን የጻፈውን ሰው እጁን ልስመው እፈልጋለሁ። አንጓው ድረስ ልስመው እፈልጋለሁ። ካልመጣች በፈቃዷ ሥራዋን እንደለቀቀች ይቆጠራል፣ ድርጅቱ የሚከፍልላት ሕክምናም ያን ቀን ይቆማል። ሽቦው ገና ያልተፈታ መንጋጋ ይዛ።

ጥሪው በደረሰን ማግስት ቆርቆሮ ሠሪው መሥሪያዬ ድረስ መጣ።

መልኩን ስለማላውቀው ሶፋ ሊያሳድስ የመጣ መስሎኝ «ግባ፣ ተቀመጥ» አልኩት። አልተቀመጠም። ከደረት ኪሱ ያንኑ የሚያብለጨልጭ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ለእሱ የተጻፈው ሌላ ነው፤ ካሜራ ፊት «ተደስቻለሁ» ብሎ አበባውን ከተቀበለ ክሱ ይነሣለታል፣ እምቢ ካለ ይታሠራል። አንብቤ ሳልጨርስ «እህትህን የመታኋት እኔ ነኝ» አለኝ።

«ውጣ» አልኩት። «ተነሥ፣ ውጣ ከቤቴ።»

«ቆሜያለሁ እኮ። አልወጣም። ምታኝ።»

«ውጣ ብያለሁ ሰውዬ!»

«ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ ስሜትህን እንረዳለን አሉኝ። ከውኃ አገልግሎቱ ተደውሎላቸው ነው። ሻይ አዘዙልኝ። ሰው ደብድቤ ሻይ አዘዙልኝ! እባክህ፣ አንተ እንኳ ተናደድብኝ።»

ክቡርነትዎ፣ ተናደድኩበት። በአራቱ መስኮቶችዎ ሲሸሹት የኖሩት ቀይ ቃል ሁሉ በእጄ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ በጥፊ፣ ከዚያ በቡጢ፣ ከዚያ አንገቱን ይዤ ግማሹ የተፈታ ሶፋ ላይ ጣልኩት፤ የወጣው ሞላ ጀርባውን ሲወጋው ይሰማኛል፣ ግን እጁን አላነሣም። «ጨምር» ይለኛል። ጨመርኩለት። አፍንጫው ደማ። እናታችን ከጓዳ «ምንድን ነው እንዲህ የምትደበድበው?» ብላ ጮኸች። «ሶፋ ነው እማዬ!» አልኳት። «ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ያለበት ነው የሚመስለው!»

ድንገት ጀርባዬ ተቃጠለ። እህቴ ናት። የጨርቅ መለኪያውን ረጅም እንጨት በሁለት እጇ ይዛ፣ በአፍንጫዋ እየጮኸች፣ ትከሻዬ ላይ ደገመችው። ዘወር ስል ለእሱም አንድ አቀመሰችው፤ ዝቅ ብላ፣ ጉልበቱ ላይ፣ በደንብ አልማ። ከዚያ እንጨቱን ጥላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አፏን ሳትከፍት የምታለቅስ ሰው አይተው ያውቃሉ? ለቅሶው መውጫ ሲያጣ በአንገት ሥር ይሄዳል። አየሁት፣ ሲሄድ።

ቆርቆሮ ሠሪው አፍንጫውን በእጅጌው ይዞ መናገር ጀመረ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነበር የሚናገረው። ከቤቱ ፊት ለፊት ለእሳት አደጋ የተተከለ የመንገድ ቧንቧ አለ። ደርቋል። ደርቋል ብሎ ለመስኮቶቻችሁ በተደጋጋሚ አመልክቷል፤ ተረጋግቷል፣ ተጽናንቷል፣ ተባብሏል። በፊት አንድ ጊዜም ተደስቶ ወጥቷል፤ እህቴ አስደስታዋለች፣ አላስታወሳትም እንጂ። በኋላ የቆርቆሮ መሥሪያው በእሳት ተያያዘ። አባቱ ከጀርባው ባለችው ክፍል የአልጋ ቁራኛ ነበሩ።

«እሳት አደጋዎቹ ቶሎ ነው የደረሱት፣ ልዋሽ አልችልም» አለ። «ቱቦውን ዘረጉ። ቧንቧውን ሲከፍቱት ሳለ። ሌላ ምንም የለም፣ እንደ ሽማግሌ ኡሁ ኡሁ አለ። አባቴ ከውስጥ ይጠራኛል። በልጅነቴ በሚጠራኝ ስም። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም ስንት ዘመኑ… ከዚያ ዝም አለ። ማግሥቱን እናንተ ጋ መጣሁ። አንቺ ሳቅሽብኝ።»

እህቴ ከጠረጴዛዬ ጠመኔ አነሣች፤ ጨርቅ የማሰምርበትን ነው። አጠገቧ ባለው ጥቁር ጨርቅ ላይ «አልሳቅሁብህም» ብላ ጻፈች።

«አሁን አውቄያለሁ» አላት።

ማንም ማንንም አላረጋጋም። እኔ የእሱን አፍንጫ እያየሁ ክቡርነትዎን አስብ ነበር። በአባቱና በእህቴ መካከል የነበረው ቧንቧ የእርስዎ ነው፣ መስኮቱም የእርስዎ፣ ብረቱም። እኛ ሦስታችን ግን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘግተን ስንቧቀስ እርስዎ አንዲት ጭረት እንኳ አልነካዎትም። እንዴት ያለ የተዋጣለት አሠራር ነው! እጄ እስካሁን አብጧል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ብዕሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ነው።

ልመናዬ ጥቂት ነው። እህቴን ከዚያ መስኮት ይተዉአት። ሕክምናዋን ይጨርሱላት። ሰውየው በመታት ይከሰስ፣ ይፈረድበትም፤ እሱ ራሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቧንቧውን ያደረቀውም ይከሰስ። አበባችሁን መልሱ። ድምፅዋን ከስልካችሁ አጥፉት። ሌላ ምንም አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅም፣ ከእናንተ ይቅርታ ቢመጣ በየትኛው መስኮት እንደሚመጣ ስለማውቅ።

እህቴን አትሂጂ ብያታለሁ። እጇን ይዤ ለምኛታለሁ። እናታችንም ለምናታለች። መልሷን እንድትጽፍ ጠመኔውን ብናቀብላት መልሳ አስቀመጠችው። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ እሷን ማስቀረት ስላቃተኝ ነው። በእርስዎ እጅ ግን በአንዲት ቃል የሚቀር ነገር ነው፤ ከሰሌዳው ላይ ባይኖርም ቃሉ «ቅሪ» የሚል ነው።

ላሳዩን አሳቢነት ሁሉ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና ደግሜ እያረጋገጥኩ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ ከሚጠሩዎት ሰዎች ሁሉ ድምፅ እግዚአብሔር እንዲሰውርዎ እየለመንኩ፣ ባበጠ እጅና በጎነበሰ አንገት እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የፍንጭቷ ወንድም፣ ሶፋ አዳሹ

ከፊርማዬ በኋላ ያከልኩት፤

ይህን ደብዳቤ ሥነ ሥርዓቱ ሳይጀመር በድርጅትዎ በር ላይ ልለጥፈው ነበር። ቀደመችኝ። የደንብ ልብሷን ተኩሳ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ሠብስባ አሥራለች። ቆርቆሮ ሠሪው ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ የለበሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፊ ነው፣ የአባቱ ሳይሆን አይቀርም። እሷና እሱ በመስኮቱ ይተያያሉ። ምን እንደተስማሙ አላውቅም። ግንባሯን ግንባሬ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች።

የሞላ ሽቦ የምቆርጥበት ፒንሳ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ የለም። ጠረጴዛው ላይም የለም። «ፒንሳዬን አይተሻል?» አልኳት። ቦርሳዋን ወደ ብብቷ ሳብ አደረገች። «ለምንሽ ነው?» አልኳት። አየችኝ፤ ጣቷን አፏ ላይ አሳረፈች፤ ሽቦው በከንፈሮቿ መካከል ብልጭ አለ።

የክቡርነትዎ ወንበር ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከአራተኛው መስኮት አጠገብ መሆኑን ጥሪው ላይ አንብቤያለሁ። እንግዲህ ይረጋጉ።

እናታችን ከጓዳ «ማነው የሚወጣው?» አለች።

በሩ ተዘጋ።